ፌጁ ባክቴሪያው ውስጥ ግቢ ያጥራል

ቫይረስ ሴል ውስጥ ይገባል፣ ይባዛል፣ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል። ትምህርት ቤት የተማርነው ይኸው ነው። ባክቴሪያን ስለሚያጠቁት ቫይረሶች፣ ስለ ፌጆች፣ የሚነገረውም ከዚህ ብዙ አያልፍም። እኔ ግን ትልቁ ነገር ተዘሏል ባይ ነኝ፤ መዘለሉም ዋጋ እያስከፈለን ነው።

በ2017 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚያጠቃ ግዙፍ ፌጅ ሴሉ ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን በማይክሮስኮፕ አሳዩ። ፌጁ ዲኤንኤውን ሜዳ ላይ አይተወውም። በራሱ ፕሮቲን ዙሪያውን ያጥረዋል። ፉዝ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ክር እየሠራ ግቢውን ከሁለት ወገን ይገፋና ሴሉ መሃል ላይ ያቆመዋል። ዲኤንኤው የሚባዛው ውስጥ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው ግን ውጭ፣ ራይቦዞም በሚባሉት የባክቴሪያው ፕሮቲን ሠሪዎች ነው። የእኛ ሴል ዲኤንኤውን የሚያስቀምጥበት ክፍል፣ ኒውክለስም፣ ሥራ የሚከፋፍለው እንዲሁ ነው። ባክቴሪያው ራሱ እኮ ኒውክለስ የለውም!

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ የቀፎዎቹ ጉዞ ነው። የአዳዲሶቹ ቫይረሶች ባዶ ቀፎዎች ሴሉ ሽፋን አጠገብ ይገጣጠማሉ። ከዚያ በፉዝ ክሮች ላይ ተጉዘው ግቢው ጋ ይደርሳሉ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ፣ ዲኤንኤ ይሞላባቸዋል። ሲሞሉ ይላቀቃሉ፤ ጅራት የሚገጠምላቸው ኋላ ነው።

አጥሩ ለጌጥ አይደለም። ባክቴሪያ የቫይረስ ዲኤንኤ የሚቆርጥበት ክሪስፐር የተባለ መከላከያ አለው። በ2020 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት መቁረጫው አጥሩን አልፎ መግባት አይችልም። የፌጁ አርኤንኤ፣ ማለትም ከዲኤንኤው የተቀዳው መመሪያ፣ ግን ፕሮቲን ለማሠራት የግድ ይወጣል፣ ስለዚህ አርኤንኤ የሚቆርጡ የክሪስፐር ዓይነቶች ያገኙታል።

ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ቃጠሎና ቁስል ላይ ሰፍሮ ብዙ አንቲባዮቲክ አልበገር የሚል ተህዋሲ ነው። እሱን ገድሎ የሚያክም ፌጅ ሲፈለግ እንዲህ መከላከያውን የሚያመልጡት ቀድመው መታየት ነበረባቸው። ችግሩ ፍለጋው ራሱ ይጥላቸዋል። ፌጅ የሚፈለግበት የፍሳሽ ውሃ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ ማጣሪያ ያልፋል፤ ብዙዎቹ ግዙፍ ፌጆች እዚያው ይቀራሉ። ያለፉትም ጠንከር ባለ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄሊ መሰል ነገር) ላይ በደንብ ስለማይሰራጩ ባክቴሪያውን ገድለው የሚተዉት ጥርት ያለ ነጥብ ለዓይን አይሞላም። በሀገራችንም ሆነ በሌላ አገር ፌጅ ፍለጋ የሚነሳ ተመራማሪ ሰፋ ያለ ማጣሪያና ለስለስ ያለ አጋር ይጨምር። ወጪው ያን ያህል አይደለም።