ፍቺው መሐል የገባው ዘይት

ከማስታወቂያ ጋር ጠብ የለኝም። ድራማ ያለ ገንዘብ አይሠራም፤ ተዋናይ ይከፈለዋል፣ ካሜራ ይከራያል፣ የአየር ሰዓትም በነጻ አይገኝም። መሐል ላይ አቋርጣችሁ ስለ ሳሙና ስትሰብኩኝ ተነስቼ ውሃ እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ተቻችለን እንኖራለን። አሁን ግን ሳሙናው ድራማው ውስጥ ገባ!

ሰሞኑን የጀመርኩት ድራማ ላይ (ስሙን አልጠራም፣ ያያችሁት ታውቁታላችሁ) ባልና ሚስት ሊፋቱ ነው። ሌላ ሴት እንዳለችው ደርሳበታለች። ሳሎን ውስጥ ተፋጠዋል፣ ሙዚቃው ልብ ያንጠለጥላል፣ እኔ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀርቻለሁ። ይሄኔ ሠራተኛዋ ገባችና «እትዬ፣ ይሄ ዘይት እኮ ኮሌስትሮል የለውም» አለች። እትዬም እንባዋን ጠራርጋ «እኔማ ለልጆቼ ከሱ ሌላ አላስገባም» ብላ አረፈች! የጀሪካኑ ጽሑፍ ወደ እኛ ዞሯል፣ ካሜራው እላዩ ላይ ተተክሏል። ባልየው ምን ያድርግ፣ ቆሞ ይጠብቃል። ዘይቱ ተወድሶ ሲያበቃ ፍቺው ካቆመበት ቀጠለ።

ይህን ደራሲው ወዶ እንዳልጻፈው ይገባኛል። ድሮ ድራማውን የሚያጠግበው ቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ (በበኩሌ ደግ አደረጉ) ትልቁ ብር አብሮ ሄደ። የቀረው ስፖንሰር ደግሞ በመግቢያው ላይ ስሙ መጠራቱ አልበቃው አለ፤ በተዋናዩ አፍ ካልተነገረልኝ ይላል። ድሃ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሳይቀር አፓርታማ ሊያይ የሚሄደው ለዚህ ነው። የቤት ኪራይ አቅቶት ባለፈው ክፍል ያለቀሰ ሰውዬ የቅድመ ክፍያውን ፐርሰንት ይዘረዝርልናል።

እናቴ «እኔ ለዚህ ነው የቱርኩን የማየው» ትላለች። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ እያሰማ በ2008 ዓ.ም. መጥቶ «የአገር ውስጥ ጥበብ ሊሞት ነው» ሲባል እሷ ሪሞቱን አልለቀቀችም። እውነቱን ለመናገር የቱርኩም ከዚሁ ደዌ አላመለጠም። እዚያው አገር አንዱ ክፍል በሳምንት አንዴ፣ ለማስታወቂያው ሲባል ከሁለት ሰዓት በላይ ነው የሚተላለፈው፤ ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። ያ ሁሉ በዝምታ መተያየት ሰዓት መሙያ ነው። ቢሆንም ሲተያዩ ስለ ዳይፐር አያወሩም፣ ይህን አልክድባትም።

የሚያናድደኝ ደግሞ እንችልበት እንደነበር ማወቄ ነው። «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን አገር ሁሉ የጠላው ስላመነው ነው። ያ ሰው ሴራውን እየጎነጎነ መሐል ላይ «የቁጠባ ሂሳብ ክፈቱ» ቢለን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

ይሄን ሁሉ ታግሰን ስንከታተል ደግሞ ድራማው ራሱ ይጠፋል። አንዱን ወራት ሙሉ አየሁት። የልጁ አባት ማን እንደሆነ የሚናገረው የዲኤንኤ ውጤት በፖስታ ታሽጎ መጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፣ ሁሉም ከበቡት፣ «ምዕራፍ አንድ ተፈጸመ» ተባለ። ምዕራፍ ሁለት የለም። ይቅርታ የለም፣ ማብራሪያ የለም፤ ስፖንሰር ሸሸ አሉ። አባት ተብሎ የተጠረጠረው ተዋናይ ሌላ ጣቢያ ላይ ሹፌር ሆኖ ተቀጥሯል፣ ባየሁት ቁጥር «ልጅህ ነው ወይስ አይደለም?» እላለሁ።

ከሠሩት ሰዎች መካከል ይህን የሚያነብ ካለ በውስጥ መስመር ይንገረኝ። ለማንም አላወራም።