ክርክር፦ የደህንነት ዕቅድ የሌለው የወጣቶች ግልቢያ ውድድር ይቅር?

የክርክሩ ሐሳብ፦ በጽሑፍ የተዘጋጀ የደህንነት ዕቅድ ከሌለ የወጣቶች የፈረስ ግልቢያ ውድድር መካሄድ የለበትም። ሐሳቡን የሚደግፉት ውድድር የሚያስተባብሩና ልጆቻቸውም የሚጋልቡ እናት ናቸው። የሚቃወሙት ልጆችን መሰናክል ዝላይ የሚያሰለጥኑ አንጋፋ አሰልጣኝ ናቸው።

አስተባባሪዋ

ፈረስ ግማሽ ቶን የሚጠጋ እንስሳ ነው። ሲደነብር ቆሞ አያስብም፤ ይሸሻል። ላዩ ላይ የተቀመጠው የ12 ዓመት ልጅ ክብደቱ የፈረሱን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ይህን እያወቅን ቀኑንና ሰዓቱን ለጥፈን ልጆቹን ሜዳ እናስገባለን። የቀረውን ለዕድል እንተዋለን።

ደህንነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሄልሜት ብቻ ነው። ሄልሜትማ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊቷ የኦሊምፒክ ጋላቢ ኮርትኒ ኪንግ-ዳይ ልምምድ ላይ ሳለች ፈረሷ ተደናቀፈና ወደቀች። ሄልሜት አላደረገችም ነበር። ለሳምንታት ራሷን ሳታውቅ ተኛች። እየዘለለች አልነበረም፣ እየተወዳደረችም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በድሬሳዥ ውድድር (ፈረሱ ሳይዘል በጋላቢው ትእዛዝ የተለያየ እንቅስቃሴ በሚያሳይበት) በሄልሜት ፋንታ የሚደረገውን ረጅም ባርኔጣ ጨርሶ ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ግን ሄልሜት ሥራ የሚጀምረው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስላለው ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ዳኞች የሚያዩት ሜዳ ሳይሆን ማሟሟቂያው፣ ማለትም ጋላቢዎች ተራቸው እስኪደርስ የሚለማመዱበት ቦታ ነው። እዚያ ጀማሪውም የለመደውም አብሮ ይዞራል። አንዱ ይዘላል፣ ሌላው በእርምጃ ፊቱን ያቋርጣል፣ ወላጅ ስልኩን ደግኖ አጥር ውስጥ ይገባል። ዳኛ የለም፤ ሁሉም የራሱን ተራ ነው የሚያስበው።

ስለዚህ ማሟሟቂያው ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ይቁም። የልምምዱ መሰናክል ቀዩ ባንዲራ በቀኝ፣ ነጩ በግራ ሆኖ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዘለል። ፊት ለፊት የሚገናኙ ፈረሶች ግራ ለግራ ይተላለፉ። ጭራው ላይ ቀይ ሪባን የታሰረለት ፈረስ ይራገጣልና ማንም ከኋላው አይጠጋ። የአምቡላንሱ መግቢያ ፈረስ ከሚተላለፍበት ይለይ። አምቡላንሱ ልጅ ይዞ ከሄደ ሌላ እስኪተካ ውድድሩ ይቁም። ፈረስ ጋላቢውን ጥሎ ሲያመልጥ ማን ይጮኻል፣ በሩን ማን ይዘጋል የሚለውም አስቀድሞ ይታወቅ። ይህ ሁሉ ይጻፍ። እንዲህ ከተዘጋጀን ልጅ አይወድቅም።

አሰልጣኙ

እህቴ፣ "ልጅ አይወድቅም" ብለው ጻፉ። ለመሆኑ ፈረስ ላይ ወጥተው ያውቃሉ? የሚጋልብ ሰው ይወድቃል። እኔ ወድቄአለሁ፣ ያሰለጠንኳቸው ልጆች ወድቀዋል፣ የዓለም ሻምፒዮኖችም ይወድቃሉ። ይህን የማያምን ዕቅድ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ስለ ሌላ ስፖርት ነው የሚያወራው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሪቭ አገር አቋራጭ ውድድር ላይ ፈረሱ መሰናክል ፊት ድንገት ቆመበትና በጭንቅላቱ ወደቀ። ሄልሜት ነበረው። የደረት መከላከያም ለብሷል። ውድድሩም ሥርዓት ያለው ውድድር ነበር። ከአንገቱ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። ወረቀትና ዕቃ የማያድኑት አወዳደቅ አለ ማለት ነው።

ልጅን የሚያድነው ለአቅሙ የሚሆን ፈረስ ነው። ፈሪ ልጅ ስሜታዊ ፈረስ ላይ ከተቀመጠ መቶ ገጽ ዕቅድ ቢኖርዎት አይረዳውም። ይህን ማን ያውቃል? በየቀኑ አብሮት የሚውለው አሰልጣኝ። የፈረሱን የጆሮ አጣጣል አይቶ "ይህ ፈረስ ዛሬ አይገባም" የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው። ወረቀት የፈረስ ጆሮ አያይም።

ሌላም ልበል። ትናንሽ ውድድሮች የሚቆሙት በፈቃደኛ ሰው ነው። በሰነድና በፊርማ ካስጨነቋቸው ይዘጋሉ። ልጆቹ ግን መጋለብ አይተዉም። ዳኛም አምቡላንስም በሌለበት ሜዳ ይጋልባሉ። ያኔስ ደህንነታቸው የት አለ?

መውደቅንም እንዲህ አናስፈራራበት። ወድቆ የተነሳ ልጅ ወዲያው ኮርቻው ላይ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ፍርሃቱን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። ጥሩ ጋላቢ የሚወጣው እንዲህ ነው።

አስተባባሪዋ

"ወዲያው ኮርቻው ላይ መመለስ አለበት።" ሦስቴ አነበብኩት። አንድ አሰልጣኝ ይህን ስሙን አስቀምጦ ይጽፋል ብዬ አልጠበቅሁም።

የአንጎል መናወጥ በዓይን አይታይም። ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱን እንኳ አይስትም። ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ "ደህና ነኝ" ይላል። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ግራ መጋባቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው የስፖርት ሐኪሞች የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ በዚያው ቀን ወደ ውድድር አይመለስም የሚሉት። የመጀመሪያው ጉዳት ሳይድን ሁለተኛ ምት ቢመጣ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። እርስዎ የሚፈሩት ልጁ ፈርቶ ቤቱ እንዳይገባ ነው። እኔ የምፈራው ቤቱ ሳይገባ እንዳይቀር ነው።

ሄልሜቱንም ያስቡት። ውስጡ ያለው ፎም የሚሠራው ራሱ ተጨፍልቆ ምቱን በመምጠጥ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ በውጭ ምንም ስንጥቅ ባይታይበትም ሥራውን ጨርሷል፤ መቀየር አለበት። በጭንቅላቱ የወደቀን ልጅ ወዲያው ሲያወጡት ያለ ሄልሜት እንዳወጡት ይቁጠሩት።

ክሪስቶፈር ሪቭን አንስተዋል። ታሪኩን ግን ግማሽ ላይ ቆረጡት። ሲወድቅ ትንፋሹ ተቋርጦ ነበር። የሕክምና ሰዎች ቦታው ላይ ስለነበሩ ደርሰው አየር ሰጡት። ከዚያ በኋላ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ኖሯል፣ ሠርቷል፣ ልጆቹን አሳድጓል። እነዚያ ሰዎች እዚያ የተገኙት ውድድሩ ሲታቀድ ስለታሰበ ነው።

የአሰልጣኝ ዓይን ይበቃል ብለዋል። ያ ዓይን ማሟሟቂያው ላይ የት እንደሚያተኩር ግን አይቻለሁ። አሰልጣኙ መሰናክሉ አጠገብ ይቆማል፤ የራሱን ልጅ ብቻ ያያል፤ የመሰናክሉን ግንድ በማቆሚያው ላይ አንድ ቀዳዳ ከፍ ያደርጋል፣ ደግሞ አንድ ቀዳዳ። ፌዴሬሽኑ ውድድሩ 1.40 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የልምምዱ መሰናክል ከውድድሩ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ አይብለጥ ያለው ለምን ይመስልዎታል? ያን ግንድ ከፍ የሚያደርገው ወላጅ አይደለም።

አሰልጣኙ

ይህ ስድብ ነው። ዕድሜዬን የሰጠሁት ለልጆች ነው። ግንድ እየሰቀልኩ ልጅ ለአደጋ እንደማጋልጥ አድርገው መጻፍዎ ከክርክር አልፏል። ሌላ አሰልጣኝ አይተው ከሆነ ለእሱ ይንገሩት።

አሁንም "ልጅ አይወድቅም" ያሉትን አልመለሱልኝም። ሐኪም አመጡ፣ ፎም አመጡ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ግን ዘለሏት። እኔ አልዘላትም። ይህን ቃል የሚሰጥ አስተባባሪ ወላጁን ያዘናጋል። ወላጁ ዕቅዱ ላይ ተማምኖ ለልጁ ከአቅሙ በላይ የሆነ ፈረስ ይገዛለታል። ልጁም ተማምኖ ያልለመደውን ከፍታ ይዘላል። እኔ ልጆቼን መጀመሪያ የማስተምረው አወዳደቅ ነው። እግርህን ከእርካቡ አውጣ፣ ልጓሙን ልቀቅ፣ ተንከባለልና ከኮቴው ራቅ። መውደቅ የለም ብሎ የጀመረ ሰው ይህን ለማስተማር ሰዓት አይመድብም።

"ወዲያው ይመለስ" ስል ጭንቅላቱን የተመታውን ማለቴ እንዳልሆነ የሚጋልብ ሰው ሁሉ ይገባዋል። በመቀመጫው አሸዋ ላይ የወደቀ ልጅ አለ። የሚስቅ ልጅ አለ። እሱንም አልጋ ላይ አስተኝተን ሐኪም እንጥራ? ልጁን የማውቀው እኔ ነኝ። ፊቱን አይቼ አውቃለሁ።

አስተባባሪዋ

በመጀመሪያ "እህቴ" እያሉ እንደ ተማሪ አይጥሩኝ። እኔም ኮርቻ ላይ ነው ያደግሁት።

ፊቱን አይተው እንደሚያውቁ ጻፉ። እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ደርሷል፤ ወረቀቱን ትተን ስለ እርስዎ ዓይን እንነጋገር። ልጁ ቀጣይ ዙር አለው። ለዋንጫ ቀርቧል። ወላጁ አጥሩ ዳር ቆሞ እርስዎን ያያል። ልጁም እርስዎን እንዳያሳፍር "ደህና ነኝ" ይላል። በዚያች ደቂቃ ፊቱን የሚያነቡት ሰው ልጁ ቢያሸንፍ የሚደሰቱት እርስዎ ነዎት። መጥፎ ሰው ነዎት አላልኩም። ከዚያ ውሳኔ ውጭ መሆን አለብዎት ነው የምለው። ውሳኔው በውጤቱ ምንም የማይነካው ሰው ይሁን። ያ ሰው ማን እንደሆነ ልጁ ከመውደቁ በፊት ይጻፍ። ከወደቀ በኋላ የሚጻፍ ነገር ሰበብ ነው የሚሆነው።

በመቀመጫው ወድቆ የሚስቀውም ይታይ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የት ነው ያለኸው? ቀጥሎ የማን ተራ ነው? አንገትህን ያምሃል? ደህና ከሆነ ይመለስ። በሕጉስ በዝላይ የወደቀ ጋላቢ ከዚያ ዙር ይሰናበት የለም እንዴ? የምን ጥድፊያ ነው?

አሰልጣኙ

ከዙር መሰናበትና ከቀኑ መሰናበት ይለያያል። እርስዎ ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው።

ሐኪሙ ይወስን ካሉ እሺ፣ ግን የትኛው ሐኪም? እኔ ያየሁት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካ ነው። ልጁ ሲወድቅ አላየም። በትከሻው ይውደቅ በጭንቅላቱ፣ ፈረሱ ይርገጠው አይርገጠው አያውቅም። ልጁን ይጠይቃል፤ ልጁ "ደህና ነኝ" ይላል፤ ሐኪሙ ይፈርማል። የእርስዎ ወረቀት ተሞላ ማለት ነው። አደጋው ግን የት ሄደ? የሚወስን ሰው ካለ ሜዳው ዳር ይቁም፣ እያንዳንዱን ዝላይ ይይ፣ ስለ ፈረስም ይወቅ። እንደዚያ ዓይነት ሰው ካላገኙ ልጆቼን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም።

ካገኙም እንኳ ልጁ ሲወድቅ መጀመሪያ አጠገቡ የሚደርሰው እኔ ነኝ። ማንም ዕቅድ ከዚያ አያስቀረኝም።

አስተባባሪዋ

ሐኪሙ ሜዳው ዳር ይቁም፤ ይህን አልከራከርም። እርስዎም ይድረሱ። ግን ያመለጠው ፈረስ ሌላ ልጅ ላይ እንዳይወጣ መጀመሪያ እሱን ይያዙት ወይም ያስይዙት። ልጁን አያንሱት። ሄልሜቱን አያውልቁለት። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንዳይንቀሳቀስ እየነገሩት አጠገቡ ይንበርከኩ። ተነስ የሚለው ግን ሐኪሙ ነው።