አውሮፕላኑ ሳይቆም ለሚቆሙት ክቡር መንገደኛ

ጉዳዩ፦ ከወንበር ያለጊዜው መነሣትዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ አብረንዎት የተሳፈርን ሁሉ፣ ትከሻችን ከማበጡ በቀር፣ ደህና ነን።

ከሁሉ አስቀድሞ ለቅልጥፍናዎ ያለንን አድናቆት እንገልጻለን። አውሮፕላኑ አባ ጅፋር ማረፊያ ላይ ጎማውን እንዳሳረፈ፣ ገና በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየተምዘገዘገ ፍሬን በሚይዝበት ቅጽበት፣ ቀበቶዎን ፈትተው ብድግ ማለትዎ የተራ ሰው ሥራ አይደለም። የቀበቶው ምልክት ከራስዎ በላይ እንደበራ ነበር፤ አስተናጋጇም ከወንበሯ ሆና «እባክዎ ይቀመጡ» ብትልዎ፣ ፈገግ ብለው እጅዎን ወደ ዕቃ መደርደሪያው ሰደዱ። ፍሬኑ አውሮፕላኑን እንጂ ቆሞ የተገኘን ሰው እንደማይዝ፣ ሰውየውም በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት እንደሚወረወር ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብናል።

ለማር መግዣ ያመጡት ባዶ ጀሪካን ከመደርደሪያው ተንሸራቶ ከፊቴ የተቀመጡትን እናት አናት ሲመታ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ባዶ ነው» ብለው ማጽናናትዎንም አልዘነጋነውም። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው «ይሁን ልጄ» አሉ። (ማሩ ሲሞላ በጭነት ክፍል መሄዱ ትልቅ እፎይታ ነው።)

ስልክዎንስ? «ሀሎ! ደረስኩ! ባጃጅ ይዘህ ና!» የሚለው ድምፅዎ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰምቷል። ወንድምዎ ገና ጅማ ከተማ ሄርማታ ሰፈር ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ መሆኑን ከቁጣዎ ተረዳን።

በአውቶቡስ ቢመጡ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ቀኑን ይበላብዎት ነበር፤ በአየር ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደርሰው ሳለ፣ አምስት ደቂቃ መቀመጥ እንዴት እንደከበደዎት ተመካክረን አልደረስንበትም። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ወንበር ባለው በዚያ ጠባብ አውሮፕላን፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ አንገትዎን ሰብረው፣ ክርንዎን እኔ ትከሻ ላይ ተክለው ቆሙ። ከወረዱ በኋላ ደግሞ ሻንጣዎ ከሁላችን ሻንጣ ጋር ተጭኖ ኖሮ፣ ከእማማ ጎን ተገትረው ሲጠብቁ አየንዎት። ቦሌ ላይ ስምዎ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ፣ በር ሊዘጋ ሲል እያለከለኩ የገቡትም እርስዎው ነበሩ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞዎ ጥድፊያውን ወደ መነሻው አዛውረው፣ በጊዜ ደርሰው ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር እንዲጠይቁ በትሕትና እናመለክታለን።

ከሰላምታ ጋር
ክርንዎን የተሸከመው ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ባጃጅ ይዞ እንዲመጣ ለታዘዘው ወንድምዎ፣ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ድረስ ተረጋግቶ እንዲጠጣ