ማስተካከያ፦ ከዛፍ የወደቁት ኢጓናዎች ሞተው አይደለም

በፍሎሪዳ ብርድ ሲጠና ከዛፍ ስለሚረግፉት አረንጓዴ ኢጓናዎች ባለፈው ስጽፍ «በብርዱ ይሞታሉ» ማለቴ ስሕተት ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የማያሚ ቢሮ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባወጣው ማሳሰቢያ እንዳመለከተው፣ ኢጓናዎቹ ከዛፍ ቢወድቁም ሞተው አይደለም። ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ እንሽላሊት የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው ስለሚያገኝ፣ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሲወርድ ደንዝዞ ቅርንጫፉን ይለቃል፤ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ አስፋልት ላይ ቢዘረጋም፣ ብርዱ እጅግ ካልበረታ ወይም ካልሰነበተ በቀር፣ ፀሐይ ሲያገኘው ተነሥቶ ይሄዳል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሞቷል ብሎ መኪናው ውስጥ የጫነ ሰው፣ መንገድ ላይ ሞቆት የነቃና በጥርሱ፣ በጥፍሩና በጅራቱ የሚከላከል እንስሳ ሊገጥመው ይችላል። በዚያ ላይ የግዛቲቱ የዓሣና የዱር እንስሳት ጥበቃ ኮሚሽን ዝርያውን በ2021 እ.ኤ.አ. ከተከለከሉት መዝገብ ስላስገባው፣ ያለ ፈቃድ ከነሕይወቱ ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል። የቀድሞው ዐረፍተ ነገር ታርሟል።