«ይሄዳል ወይ?» — ክርክር በባለሙያና በእናት መካከል

የክርክሩ ጭብጥ፦ ሴሬብራል ፓልሲ ላለበት ልጅ በሚሰጠው የእንቅስቃሴ ልምምድ ቀዳሚው ግብ ቆሞ መራመድ መሆን አለበት ወይስ የለበትም? ሴሬብራል ፓልሲ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር ነው። «መሆን አለበት» የሚሉት በአዲስ አበባ ለ14 ዓመታት ከልጆች ጋር የሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው። «የለበትም» የሚሉት የ12 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ናቸው። ሁለቱም ስማቸው እንዳይወጣ ጠይቀዋል። ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባለሙያው፦

ልጅ አዝሎ ወደ እኔ የሚመጣ ወላጅ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀው «ይሄዳል ወይ?» ብሎ ነው። በ14 ዓመት ውስጥ «እጁን ታጥቦ ይበላ ይሆን?» ብሎ የጀመረ አንድም ወላጅ አላጋጠመኝም። ይህን ጥያቄ ካለማወቅ የሚመጣ አድርገው የሚያዩ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ ግን ወላጁ ልክ ነው ባይ ነኝ።

አገራችንን እንይ። ልጁ የሚኖረው አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወይም ኮብልስቶን በተነጠፈበት ቁልቁለት ዳር ባለ ግቢ ውስጥ ነው፤ የበሩ ደፍ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ፣ ሽንት ቤቱ ከጓሮ፣ ያውም ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። አዋጁ ደረጃ ሲያፈርስ ግን አላየሁም። ተሽከርካሪ ወንበር ስዊድን ውስጥ እግር ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የቤት ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ልብስ ሲሰጣበት አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምክንያቴ ጊዜ ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 እነዚህን ልጆች እንደ እንቅስቃሴ አቅማቸው በ5 ደረጃ መደቧቸው፤ 1ኛው ያለ ድጋፍ የሚራመድ፣ 5ኛው ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ የሚያቅተው ነው። በ2002 ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ በኦንታሪዮ 657 ልጆችን ተከታትሎ አንድ ነገር አሳየ። ልጁ ኋላ ከሚደርስበት የእንቅስቃሴ አቅም 90 በመቶውን የሚያገኘው ጉዳቱ ቀላል ከሆነ 5 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ከባድ ከሆነ ደግሞ ገና 3 ዓመት ሳይሞላው ነው። ወደ እኔ የሚመጡትስ ስንት ዓመታቸው ነው? ብዙዎቹ አራት፣ አምስት። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ተብሎ አንድ ዓመት፣ ለጠበል ሌላ ዓመት፣ ገንዘብ እስኪገኝ ሌላ ዓመት አልፏል። በቀረችው ትንሽ ጊዜ ማንኪያ ላስይዘው ወይስ ላቁመው? ማንኪያ በአሥር ዓመትም ይለመዳል። ጉልበቱ ታጥፎ የደረቀ ልጅ ግን በአሥር ዓመቱ አይቆምም።

እናት፦

ወንድሜ፣ ልብስ ሲሰጣበት ያዩት ወንበር የእኔ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው።

ልጄ ሲወለድ አላለቀሰም። በ3 ዓመቱ ልምምድ ጀመርን፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለስድስት ዓመት። ሁለት ታክሲ እንይዛለን፤ አንዳንዱ ረዳት ልጁን ሲያይ ለመቀመጫው የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቃል። ክፍሉ ውስጥ ሰማያዊ ፍራሽ፣ ትልቅ ኳስና በሁለት ወገን ዘንግ ያለው መሄጃ ነበር። ባለሙያዋ እግሩን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፤ እሱ ጣሪያ ያያል። አርባ ደቂቃ ሲሞላ እናመሰግናለን፣ ቤታችን እንመለሳለን፣ ራቱን አጎርሰዋለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ «ቤት ሲገባ እንዴት ይበላል? የት ይቀመጣል? ማን ያጥበዋል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው «ከእንግዲህ አይሄድም» ተባልኩ፤ ኮሪደር ላይ፣ የሚቀጥለው ልጅ በር ላይ እየጠበቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ማንበብ ያዝኩ። የካናዳውን ጥናትም አንብቤዋለሁ፤ የሚመሰክረው ግን ለእኔ ነው። የልጄ ደረጃ 4ኛ ነው። 90 በመቶው አቅሙ ገና በሕፃንነቱ ካበቃለት እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ምን ስናሳድድ ኖርን? ለቀሪው 10 በመቶ ስድስት ዓመት ስንከፍል፣ በነበረው 90 ምን መሥራት እንደሚችል ማንም አላሳየውም።

እርስዎ «ማንኪያ በአሥር ዓመትም ይለመዳል» ይላሉ። እንጀራ መቁረስ ስንት እንቅስቃሴ እንዳለበት አስተውለው ያውቃሉ? እኔ ያስተዋልኩት ልጄን ሳስለምድ ነው። መዳፍ ወደ ታች ይዞራል፤ ሁለት ጣት እንጀራውን ይጫናል፤ አውራ ጣት ይገፋል፤ አንጓ ይዞራል፤ እንጀራው ይቀደዳል። ከዚያ ወጡ ይጠቀለላል። ወደ አፍ ሲመጣ ደግሞ መዳፉ ወደ ላይ ይገለበጣል። የልጄ ቀኝ እጅ ጭብጥ ብሎ የቀረ ነው። የምንጠቀመው በግራው ነው፤ ለዚህም አያቱን ማሳመን ነበረብኝ፣ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

የፕላስቲክ ወንበር ገዝቼ እግሮቹን በመጋዝ አሳጠርኳቸው፤ የልጁ እግር መሬት እንዲረግጥ። በግራና በቀኙ ጋቢ ጠቅልዬ ወሸቅኩ፤ በጭኖቹ መካከል ደግሞ እግሮቹ እንዳይቆላለፉ ትንሽ የጨርቅ ጥቅል። ክርኑ የሚያርፍበት ጠረጴዛ ከፊቱ አቀረብኩ። ላለመውደቅ መታገሉን ሲያቆም እጁ ፍትት አለ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ወገቡ ሲረጋ ነው እጁ የሚሠራው። እንጀራውን ቀድሜ ጣት በሚያህል ልክ እየጠቀለልኩ አስቀምጥለት ጀመር። አራት ወር ሙሉ ግማሹ ወለል ላይ ነበር፤ ድመታችን ወፈረች። የፋሲካ ዕለት አንዱን ጥቅልል አነሣና ወደ አፉ ሳይሆን ወደ እኔ አመጣው። ግማሹ አፍንጫዬ ላይ ቀረ። በአሥር ዓመቱ የመጀመሪያ ጉርሻው ነበር።

በ2013 የአውስትራሊያዋ አዮና ኖቫክና ባልደረቦቿ ለእነዚህ ልጆች የሚሰጡትን ሕክምናዎች መርምረው እንደ ትራፊክ መብራት በቀለም ለይተዋቸዋል። ቤት ውስጥ የሚሠራና ግቡ አስቀድሞ የተወሰነ ልምምድ አረንጓዴ አገኘ። ባለሙያ እየነካ፣ እያጠፈ፣ እያዘነበለ የሚያደርገው የቆየው ዘዴ አላገኘም። የእኛ ስድስት ዓመት የቱ ጋር እንደሚወድቅ ለእርስዎ ልተወው።

ባለሙያው፦

እህቴ፣ ኮሪደሩን ልከራከርበት አልችልም። አሳፋሪ ነው።

ስለ ቆየው ዘዴም እውነትዎን ነው። ካሬልና በርታ ቦባት የሚባሉ ባልና ሚስት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለንደን ሆነው ያስፋፉት ነው፤ እኔም የተማርኩት እሱን ነው። በጊዜው «እነዚህ ልጆች አይለወጡም» ለሚለው እምነት ትልቅ መልስ ነበር። ዛሬ ልጁ ራሱ ያልሠራውን እንቅስቃሴ አንጎሉ እንደማይማረው እናውቃለን፤ እኔም ከተውኩት ቆይቻለሁ። ነገር ግን ያ ዘዴ አልሠራም ማለት እግርን መተው ማለት አይደለም። በጠቀሱት የ2013 ዝርዝር ውስጥ ሌላም አረንጓዴ አለ፤ የዳሌ ክትትል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጅ የማይሰማው ጉዳይ ነው። ጭን የሚያጣምሩት ጡንቻዎች ሲገተሩ የጭን አጥንትን ራስ ከጎድጓዳው ቀስ በቀስ እየገፉ ያወጡታል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት ከሦስት ልጆች የአንዱ ዳሌ ከቦታው እንደሚሸሽ አሳይቷል፤ 5ኛ ደረጃ ላይ ካሉት ደግሞ ከአሥር የዘጠኙ። ሲጀምር አያምም። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ጊዜው አልፏል፤ ያን ጊዜ ዳይፐር መቀየርም መቀመጥም ሥቃይ ነው፤ ያ የሚያምር ወንበርዎም አይጠቅምም። ደቡብ ስዊድን ውስጥ ከ1994 ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ በየጊዜው ኤክስሬይ እየተነሣ ክትትል ሲደረግለት ሙሉ በሙሉ የሚወልቅ ዳሌ ብርቅ ሆነ።

መቆም ብቻውን ዳሌን ያድናል አልልም። ግን በየቀኑ የሚቆም ልጅ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ቶሎ አይደርቁም፤ አጥንቱም ክብደት ይለምዳል። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ልጅ የወንበሩን ቅርጽ ይይዛል። ደግሞም ልጅዎ ሁልጊዜ 12 ዓመቱ አይሆንም። ዛሬ 30 ኪሎ ነው እንበል፤ በ18 ዓመቱ 50 ይሆናል። ያን ጊዜ ማን ያነሣዋል? ወገብዎ? ጉርሻው ልብ ይነካል፤ ሽንት ቤት ግን አያደርስም።

እናት፦

አሁን «መቆም» አሉ። ሲጀምሩ «መራመድ» ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰልዎ፤ የእኔ ክርክር በሙሉ ያለው እዚያ መካከል ነው።

በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ሊንዳ ቢዳቤ የተባለች የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ‹ሙቭ› የሚባል ዘዴ ጀምራ ነበር። የእሷ አካሄድ ልጁ መጀመሪያ ይንፏቀቅ፣ ከዚያ ይዳህ፣ ከዚያ ይቁም እያለ አይጠብቅም። የሚነሣው ከኋላ ነው፤ ይህ ልጅ ትልቅ ሰው ሲሆን ለዕለት ኑሮው ምን ያስፈልገዋል? ከዚያ ወደዚህ ይቆጠራል። እኔም ሽንት ቤቱን በዚህ መንገድ አሰብኩት። ከወንበር ወደ መጸዳጃው ለመሻገር መራመድ አያስፈልግም። መነሣት፣ ሱሪ እስኪወርድ መቆም፣ መዞር፣ መቀመጥ ያስፈልጋል። አራት ነገር ነው።

በያጅ ጠርቼ ግድግዳው ላይ የብረት ዘንግ አሠራሁ፤ በልጁ ደረት ልክ። በግራ እጁ ይይዛል፣ እኔ ከኋላው ጉልበቱን በጉልበቴ እደግፋለሁ፣ አብረን እንቆጥራለን። መጀመሪያ ሦስት ላይ ይወድቅ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ይደርሳል። ሂሳቡን ልንገርዎ፤ በቀን አምስት ጊዜ ሽንት ቤት ብንገባ በዓመት 1,825 ጊዜ ይቆማል። ታክሲ ይዤ በሳምንት ሁለት ቀን ስወስደው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላጓድል፣ በዓመት 104 ጊዜ ነበር። ከሁሉ ደግሞ ለምን እንደሚቆም ያውቀዋል። ፍራሹ ላይ ሆኖ «እግርህን ዘርጋ» ሲባል ለማን እንደሚዘረጋ አያውቅም ነበር።

ባለሙያው፦

1,825 ብለው ረቱኝ፤ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።

የቀረኝን ግን ልናገር። የምፈራው እርስዎን አይደለም፤ ይህን የምታነብ የሁለት ዓመት ልጅ እናት ነው። «መራመድ ግብ አይደለም» የሚለው ቃል እርስዎ ዘንድ ከዘጠኝ ዓመት ልፋት በኋላ የመጣ እውቀት ነው። እሷ ዘንድ ሲደርስ ልጁን ጓዳ ለማስቀመጥ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። 2ኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ቢደገፍ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ወንበር ላይ ሲያድግ አይቻለሁ። ወንበሩን የሰጡት በጎ አድራጊዎች ናቸው፤ ፎቶ ተነሥተውበታል። የአዋቂ ወንበር ነበር፤ ልጁ ውስጡ ጠፍቶ በአንድ ጎኑ ተጣሞ ተቀምጧል። እግሩ ደግሞ ይሠራ ነበር! ስለዚህ ለወላጅ የምንለው የመጀመሪያ ቃል «እናቁመው፣ እናስኪደው» ይሁን እላለሁ። በማይቻልበት ጊዜ መቀነስ ቀላል ነው። ዝቅ ብሎ የተጀመረ ተስፋ ግን ከፍ አይልም።

እናት፦

አዬ ወንድሜ፣ ተስፋ ሲቀነስ ቀላል አይደለም። እኔ ላይ ነው የተቀነሰው።

ለዚያች እናት የልጇን ደረጃ ይንገሯት፤ በሩን ዘግተው፣ አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው። 1ኛ ወይም 2ኛ ከሆነ ያስኪዱት፣ እኔም መጥቼ ከኋላ እገፋለሁ። 4ኛ ወይም 5ኛ ከሆነ ግን «እንሞክር፣ እናያለን» እያሉ ስድስት ዓመት አይውሰዱባት። ወንበር ልኩን ሠርታ እንድታስቀምጠው፣ ሹራብ ስታለብሰው የሚገተረውን እጅ አስቀድማ እንድታስገባ፣ ከመኝታው ስታነሣው በክንዱ እንዳትጎትተው ያሳዩዋት። ይህን ለመማር ሦስት ጠዋት ይበቃል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ባለሙያው፦

3ኛ ደረጃን ዘለሉት፤ ክርክራችን ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። አሥራ አንድ ለሱሪ ይበቃል፤ ቆሞ ለመታጠብ አይበቃም። ሃያ ያድርሱት። ሲቆም የቀኝ ተረከዙ መሬት ይነካል?

እናት፦

አይነካም። በጣቱ ነው የሚቆመው።

ባለሙያው፦

እንግዲያው ለቁርጭምጭሚቱ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ሃያ አይደርስም። ዳሌው ለመጨረሻ ጊዜ ኤክስሬይ የተነሣው መቼ ነው?

እናት፦

ተነሥቶ አያውቅም። በስድስት ዓመት ውስጥ ያዘዘለት የለም።