ውሃ ተረጫጭተን ነው የወደቅነው?

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ማስታወቂያ አይታችሁታል መቼም። የአንድ ክልል ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ያወጣው ነው፣ የግቢውን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገ ሌላውም ግቢ ቃል በቃል ገልብጦ የራሱን ማህተም ይመታበታል፣ እንደዛ ነው ልማዳችን። ላላያችሁት ባጭሩ፦ በጂሲ፣ ማለትም በተመራቂዎች ሳምንት፣ የቀለም ዱቄት የሚረጩበት ከለር ደይ፣ ውሃ የሚረጩበት ዋተር ደይ፣ ክሬዚ ደይ ምናምን የሚባል ነገር ክልክል ሆኗል፣ የተማሪ ላውንጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ መቀመጥ አይቻልም። ምክንያቱ የግቢው ሰላምና የሴት ተማሪዎች ደህንነት ነው ይላሉ። ፊርማ፣ ማህተም፣ ግልባጭ ለጥበቃ ክፍል።

ይሄ ሳያንስ በማግስቱ አንድ ኃላፊ ሬዲዮ ላይ ቀርበው ሲያብራሩ ሰማኋቸው፣ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ተማሪው የመውጫ ፈተና የሚወድቀው መጤ ባህል ጊዜውን እየበላበት ነው አሉ። ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ፣ ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነበር፣ ይኸው አልበረደም።

እሺ በዚሁ በፈተናው እንጀምር፣ ራሳቸው ናቸው ያመጡት፣ ግን ከመውጫው በፊት ካለው ከመግቢያው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014 ተፈታኞች ማለቴ ነው፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 3.2 ሆነ። በ2016 5.4። በ2017 8.4 ሲገባ እሰይ ተባለ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ሳያሳልፍ የቀረበት ዓመት አይተናል። እና እነዚህ ልጆች ጂሲ ነበሩ? ላውንጅ ውስጥ አምሽተው ነው? ገጠር ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚማር፣ ላብራቶሪ የሚባለውን በስዕል ብቻ የሚያውቅ ልጅ የከለር ዱቄቱን ከየት አምጥቶ ነው የተረጨው? ችግሩ ከታች ጀምሮ እየተንከባለለ መጥቶ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ስሙ ዋተር ደይ ይሆናል ማለት ነው። ደግሞስ ከለር ደይ እኮ አንድ ከሰዓት ነው! አራት ዓመት የተማረው ትምህርት በአንድ ከሰዓት ዱቄት የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያውኑ ምን አስተማራችሁት ብዬ ብጠይቅ ነውር ነው?

ቀጥሎ መጤ ባህል የሚለው አለ። ይሄን ቃል የሚወዱ ሰዎች በምረቃ ቀን ምን ለብሰው መድረክ ላይ እንደሚቀመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቁር ገዋን፣ አራት ማዕዘን ቆብ፣ ከጎኑ የሚንጠለጠል ክር። ከመንዝ የመጣ ነው? ከቦረና? ዲን፣ ሬጅስትራር፣ ፕሮክተር፣ ሴኔት የሚሉት ስሞች የማን ቋንቋ ናቸው? ዩኒቨርሲቲ ራሱ መጤ ነው እኮ፣ ደግ መጤ ነው፣ ተቀብለነዋል። ተማሪው የተረጨው ውሃ ብቻ ነው መጤ የሆነው።

እዚህ ላይ ታሪክ አውቃለሁ የሚል ሰው ያቋርጠኛል፣ ያቋረጠኝም አለ፣ ያኔ በነዋለልኝ፣ በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ተማሪው ራሱ ነው እኮ መጤ ባህል ብሎ የፋሽን ሾው የተቃወመው አለኝ። እውነት ነው፣ መጋቢት 1960 ዓ.ም ስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ ሊታይ የነበረውን ፋሽን ሾው ተማሪዎች ተቃውመዋል፣ መጨረሻውም ፖሊስና የግቢ መዘጋት ሆነ። ግን ማን ነው የተቃወመው? ተማሪው! ዲኑ አይደለም። ተማሪው በገዛ ግቢው ላይ የሚሆነውን ነገር ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ ይሄ አይመጥነንም ብሎ ተነሳ። ዛሬ በማስታወቂያው ቋንቋ ብናየው የነዛ ልጆች ጥፋት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ተሰብስቦ መቀመጥ ይሆን ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በኮሌጅ ቀን ንጉሡ ፊት ቆሞ ግጥም ያነበበ ተማሪ ግጥሙን የጻፈው መቼ ይመስላችኋል፣ ከሌክቸር በኋላ፣ ማታ፣ ከጓደኞቹ ጋር እያወራ ነው እንጂ የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሄዶ ቅጽ ሞልቶ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገሬ ላይ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ካረዘምኩ ታገሱኝ።

እኔ ግቢ የገባሁት በ2011 ነው፣ ከደሴ። ስድስት ነበርን ዶርማችን ውስጥ፣ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ ስድስት ሎከር፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት። አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከአርባ ምንጭ፣ አንዱ ከመቀሌ፣ አንዱ ከጅጅጋ፣ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ። የመጀመሪያው ሳምንት ዝም ነው፣ ሁሉም ስልኩን ይዞ በየቋንቋው ከእናቱ ጋር ያወራል፣ ሎከሩን ቆልፎ ይተኛል፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። አልዋሽም እኔም ከትራሴ ስር ነበር የማስቀምጠው። የሲቪክስ ኮርስ ወስደናል፣ ብሔር ብሔረሰቦች፣ መቻቻል፣ አብሮ መኖር፣ ኤ ያገኘሁበት ኮርስ ነው፣ ስድስታችንም ሃንድአውቱን ሸምድደን ተመልሰን ያንኑ ሎከር ቆለፍን።

ሎከሩን ያስከፈተን ኮንከር ነው። ካርታ። ብሎካችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ውሃ ፎቅ ላይ አይወጣም፣ ከታች በጄሪካን ነው የሚቀዳው፣ እና የተሸነፈ ጄሪካን ይዞ ይወርዳል የሚል ሕግ የአርባ ምንጩ ልጅ አወጣ። ከዚያ በኋላ በቃ! የጅጅጋው ልጅ አማርኛ ብዙም አይችልም ነበር፣ በካርታ ስድብ ነው የተማረው፣ ሰዋስዉ እስከዛሬ ትንሽ የተበላሸው በዚያ ምክንያት ነው። እኔ አፋን ኦሮሞ የምሰማው ከጅማው ልጅ ነው፣ እናቱ ቡና ትልክለት ነበር፣ ጀበና ዶርም ውስጥ ክልክል ነው፣ የዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተር ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ መጥቶም አንድ ሲኒ ጠጥቶ ይሄዳል። የመቀሌው ልጅ «ነን-ካፌ» ነበር፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይመገብ፣ እኛ ካፌ ተመጋቢ ነን፣ የቁርሱን ዳቦ እናወጣለታለን፣ የመመገቢያ ካርድ የሚቆጣጠረው ቲከር አይቶ እንዳላየ ያልፈናል። ማታ ማታ ላውንጅ ነው፣ ኳስ ካለ ዲኤስቲቪው ስር፣ ከሌለ ውጪ ድንጋዩ ላይ፣ አንድ ሻይ ለሁለት ሰው፣ እስከ 4 ሰዓት፣ አንዳንዴ 5።

በሁለተኛ ዓመታችን፣ 2012 መጀመሪያ ላይ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሞት የስንቱ ግቢ ነገር እንደታመሰ ታስታውሳላችሁ። የኛም ግቢ ታመሰ። በአንድ ሌሊት ዶርሙ ሁሉ በቋንቋ ተከፋፈለ፣ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ «ወገኑ» ብሎክ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ትናንት አብረው ኬክ የቆረሱ ልጆች ናቸው። እኛ ዶርም ማንም ፍራሽ አልተሸከመም። ስድስቱንም ሎከር በሩ ላይ ደረደርንና እስኪነጋ ኮንከር ተጫወትን። ጎበዞች ስለሆንን አይደለም፣ እንፈራ ነበር፣ የአዲስ አበባው ልጅ እጁ እየተንቀጠቀጠ ካርታ ያድል ነበር። ግን አብረን ፈራን።

ታዲያ አሁን አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ላውንጁን 2 ሰዓት ላይ ከዘጋሁት ግቢው ሰላም ይሆናል ሲለኝ ምን ልበለው? ግቢ ውስጥ ፀብ የሚጠነሰሰው ላውንጅ ውስጥ ሰው በተቀላቀለበት አይደለም፣ በሩ ተዘግቶ የራሱን ቋንቋ ብቻ የሚሰማበት ክፍል ውስጥ ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ጥናት የለኝም፣ ሌሊቱን ነው የማመጣው። የየሃይማኖቱ የተማሪ ስብስብ፣ ግቢ ጉባኤ አለ፣ ፌሎሺፕ አለ፣ ጀመዓ አለ፣ ሁሉም ለልጆቹ ቤተሰብ ናቸው፣ ስንቱን ልጅ ከመጥፋት እንዳዳኑ አውቃለሁ፣ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚሰበስበው፣ ስማቸውም እንደዛ ነው፣ ሥራቸውም። የክልል ተወላጆች ማህበሩም የየራሱን ነው። ስድስታችንን አንድ ወንበር ላይ ያስቀመጠን ቦታ ላውንጁ ብቻ ነበር፣ እሱንም ቁልፍ ግዙለት ተባለ።

ኮቪድ መጣ፣ መጋቢት 2012 ላይ ተበተንን። የመቀሌው ልጅ ሳይመለስ ጦርነቱ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፁን አልሰማንም፣ በ2015 መስመር ሲለቀቅ ስልኬ ጮኸ፣ የማላውቀው ቁጥር ነው፣ አነሳሁት። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ ጄሪካኑን ማን እያወረደው ነው አለኝ። እኔ ያኔ ተመርቄ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ሲቪክስ ያስተማረን መምህር ጋ አልደወለም። ኃላፊው ሬዲዮ ላይ ጊዜ የሚበላ ያሉት ይሄን ነው።

ዋተር ደዩም የዚህ ጫፍ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አራት ዓመት፣ አምስት ዓመት አብሮ የቆየ ሰው ሊለያይ ሲል አንድ ነገር ያደርጋል፣ ድሮ ያለቅስ ነበር አሁን ውሃ ይረጫል፣ ቲሸርት ላይ በእስክሪብቶ ይፈራረማል፣ ኢየርቡክ ላይ ላስት ወርድ ይጽፋል። ላስት ወርዱን ገልጣችሁ አንብቡት እስኪ፣ ግማሹ ስለ ካፌው ሽሮ የተቀለደ ቀልድ ነው፣ ግማሹ እናቴ አመሰግናለሁ ነው። ይሄ ነው ያስፈራችሁ?

አንድ ነገር አምናለሁ፣ እሱም ብሩ ነው። የጂሲ ኮሚቴ የሚሰበስበው ገንዘብ፣ ኢየርቡክ፣ ቲሸርት፣ ሱፍ፣ ፎቶ፣ ተደምሮ የድሃ ልጅ ወገብ ይሰብራል፣ አባቱ በግ ሸጦ የላከለትን ለፎቶ ቤት የሚከፍል ልጅ አለ፣ ያሳፍራል። ግን ማስታወቂያው ስለ ብር አንድ መስመር የለውም። መዋጮው ላይ ጣሪያ አድርጉበት፣ ኮሚቴው ሂሳቡን ይለጥፍ ቢሉ ኖሮ እኔም አብሬ አጨበጭብ ነበር። የከለከሉት ዱቄቱን ነው፣ ዱቄቱ ከሁሉም ርካሹ ነው!

ከሁሉም ያሳረረኝ ግን ሰዓት እላፊው ለሴት ተማሪዎች ደህንነት ነው የሚለው ነው። በጣም ጥሩ፣ ሴት ተማሪዎች ማታ አደጋ አለባቸው፣ ጠይቋቸው ይነግሯችኋል፣ ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ጨለማ ነው፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። እና አምፖል መቀየር ሲቻል ልጅቷን ማስገባት? መንገዱ ላይ ሰው ሲበዛ ነው እኮ ደህና የሚሆነው፣ ላውንጁ ክፍት ሲሆን መብራት አለ፣ ሻይ የሚያፈላ ሰው አለ፣ ጓደኛ አለ። 2 ሰዓት ላይ ሁሉንም ጠራርጋችሁ ስታስገቡ ከላይብረሪ አምሽታ የምትመለሰው ልጅ ብቻዋን ቀረች። ወይስ ላይብረሪም ትተው?

ደግሞ አሁን እኮ ግቢው ራሱ ጭር ብሏል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያልፈው ስለቀነሰ እኛ ስድስት ሆነን የተጣበብንበት ዶርም ሁለትና ሦስት ልጅ የሚያድርበት ግቢ አለ፣ ግማሹ ሪሜዲያል ነው፣ ማለትም የመግቢያ ነጥብ ጎድሎት ማካካሻ የሚማር፣ ልለፍ ልውደቅ እያለ ጥግ ይዞ የሚያነብ ልጅ ነው፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ እንኳ አያውቅም። ይሄን ልጅ ነው እንግዲህ ከሰው ጋር እንዳይቀመጥ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት።

ለተማሪ በቀን 22 ብር የነበረው የምግብ በጀት 100 ብር ሲገባ ደስ ብሎን ነበር፣ ገበያው ቀድሞን ሄደ እንጂ። ስለሱ ሬዲዮ ላይ የሚያብራራ ሰው አልሰማሁም። ዋተር ደይን የከለከለው ግቢ ውስጥ የሚማር የአክስቴ ልጅ አለ፣ ማስታወቂያውን መጀመሪያ የላከልኝ እሱ ነው፣ ከስሩ አንድ መስመር ጽፎበታል፦ ውሃ ከመጣ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ማህተሙ እጃችሁ ላይ እያለ፣ ቧንቧው በስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ የሚል ማስታወቂያ ለጥፉና እሱ ላይም ምቱበት።