አጎንብሱ እንጂ!

ሐዋሳ ላይ አዲስ ፈሊጥ መጥቷል። ውሻው ከነሰንሰለቱ፣ ባለቤቱ ከነቱታው ማለዳ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይወርዳሉ። ውሻው መሀል መንገድ ላይ ቁጢጥ ሲል ለባለቤቱ ስልክ ይደወልለታል። ሐይቁን ያያል፣ ታቦር ተራራን ያያል፣ እግሩ ሥር ያለውን ግን በዓይኑ ጫፍ እንኳ አይነካውም።

አበው «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» ያሉትን ተረት አብዝቼ እወደዋለሁ። ዛሬ ዛሬ ግን ለሌባው መቆርቆር ጀምሬያለሁ። እሱ ቢያንስ አጎንብሷል! ግመሉ ከነሻኛው እየታየም ይሉኝታ ወገቡን አጥፎታል። የኛ ባለ ውሻ ስፖርት ሲሠራ እስከ እግሩ ጣት ይታጠፋል፤ የውሻውን አር አንሣ ሲባል የወገብ ሕመሙ ይነሣበታል።

የባሰም አለ፤ ጭራሽ ከቤቱ የማይወጣው። ንጋት ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ «ይናፈስ» ብሎ ይለቀዋል። ውሻ ደግሞ በተኛበትና በበላበት መጸዳዳት አይወድም፤ ከጌታው ይልቅ ጨዋ ነውና የጎረቤት ደጅ ይመርጣል። ብዙውን ጊዜ ከበላ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው ሆዱ የሚንቀሳቀሰው። በሰዓቱ አብልቶ፣ በገመድ ይዞ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ የጓሮ ጥግ መውሰድ ነው። ጥቂት ሳምንት ከታገሡት ይለምደዋል።

«ይደርቃል፣ ማዳበሪያም ይሆናል» የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እበት የሣር ትርፍ ነው፤ ይሄኛው የሥጋና የትርፍራፊ ነው። የውሻ ወስፋት እንቁላል ደግሞ ገና ትኩሱን አያጠቃም፤ አፈር ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሰነብት ነው ሰው የሚይዘው፣ ከዚያም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጉዱ ያለው ከደረቀ በኋላ፣ ልጆች አፈሩ ላይ ብይ ሲጫወቱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቦዩ ወደ ሐይቁ ይነዳዋል። ሐይቁ ጥቁር ውሃ የተባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የምታጣጥሙ፣ መልካም ምሳ።

ከማያነሣው ይልቅ ደሜን የሚያፈላው ግን አንሥቶ፣ በፌስታል ቋጥሮ፣ ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ነው። ለማን ነው የሚቀመጠው? ይቺ ስስ ፌስታል መቼም ዕድሜዋ ረጅም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቷ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነችውን እንዳትመረትና እንዳትገባ ከልክሎ ነበር። እሷ ግን ከየሱቁ ጎመን ተሸክማ ስትወጣ፣ ቦይ ስትዘጋ፣ የላም ሆድ ውስጥ ስትገባ ኖረች። በ2017 ሌላ አዋጅ እስኪጸድቅባት ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት!

ደግሞ በሲዳማ ምድር ቆሞ «ያለ ፌስታል በምን ላንሣው?» ማለት ነውር ነው። ኮባ አለ። በጅማቱ አቅጣጫ ስለሚተረተር አንድ ቅጠል አያስተማምንም፤ ሁለቱን፣ አንዱን በቁም አንዱን በአግድም፣ ደርባችሁ መዳፋችሁን አልብሱ። እሳት ያየ ኮባ ይለሰልሳል፣ ድፎ የጋገረች ሁሉ ታውቀዋለች። ጨብጦ፣ ገልብጦ፣ መጠቅለል። የውሻው ሆድ የላላ ከሆነ አመድ ነስንሳችሁ ጥቂት ጠብቁና ፋቁት። ኮብልስቶን ላይ ውሃ አታስቀድሙ፤ በድንጋዮቹ መሀል ያለው አሸዋ ይጠጣውና ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሽታው ይነሣል። ጥቅሉ ከነቅጠሉ፣ ከጎመኑና ከውሃ ጉድጓዱ ርቆ፣ ክንድ በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ቦይ ውስጥ አይጣልም፤ ቦዩ የት እንደሚወስደው ተናግሬያለሁ። እጅም በሳሙና።

ውሻውን የሚያወጣው ዘበኛው ነው ካላችሁም፣ ኮባውን ማን እንደሚቆርጥ ከወዲሁ ተነጋገሩ። የቅጥር ውሉ ላይ «በር መክፈት» ነው የሚለው።